ዓሣ ያስጠጋው ሱወይለም

የሱወይለም ሥራ አየር ማመላለስ ነበር። የሚስቅ ካለ ይሳቅ፣ እውነት ነው። ከሲና ዳርቻ መኪና በማይደርስበት በዚያ ኮራል በሚባለው የባሕር ድንጋይ ሰፈር ጠላቂዎቹ ባሕር ሥር የሚተነፍሱት አየር በብረት ጠርሙስ ታምቆ የሚመጣው በሱወይለም ሁለት ግመሎች ጀርባ ነው። ሰዎቹ ከየአገራቸው ይመጣሉ፤ በዚያ ሁሉ ፀሐይ ወፍራም ጎማ ይለብሳሉ፤ እንዲሰምጡ ወገባቸው ላይ የእርሳስ ብረት ይታጠቃሉ፤ ሲያደንቁት የቆዩትን ዓሣ ከውሃ ወጥተው በሩዝ ይበሉታል። ሱወይለም አንድ ቀን እንኳ ለምን ብሎ አልጠየቀም። እሱ ራሱ ከጉልበቱ በላይ ውሃ ገብቶ አያውቅም።

የሚያንገበግበው ሌላ ነገር ነበር። በበረሃው ሰዎች በበደዊኖቹ ዘንድ ወንድ ተብሎ የሚቆጠረው የተጨነቀ ሰው መጥቶ ሲለምነው «በፊቴ ነው»፣ ማለትም ክብሬን ዋስ አድርጌ አስጠግቼዋለሁ፣ ማለት የሚችል ነው። ይህች ቃል ከወጣች የተጠጋውን የነካ ሁሉ አስጠጊውን ነካ፤ የተጠጋው ቢያጠፋም ተጠያቂው አስጠጊው ነው። የአየር መሙያ ሞተሩና ጠላቂዎቹ የሚያርፉበት ዳስ ባለቤት የሆነው የአጎቱ ልጅ ጁምዓ ስንቱን አስጠግቷል። በሱወይለም ግን የተጠጋ ሰው እስከዚያ ዓመት አልነበረም። ሁለት ግመል ባለው ሰው ማን ይጠለላል? ታላላቆቹ ለወግ ሲቀመጡ እሱ ሻይ ቀጂ ነው።

በዚያ በጋ አንዲት ዓሣ ኮራሉ ሥር አሸዋውን እንደ ገበቴ ቆፍራ እንቁላሏን ጣለች። ክንድ ታህላለች፤ ጥርሷ ቁርጥ የሰው ጥርስ ነው። በላይዋ ያለፈውን ጠላቂ ሁሉ እያባረረች የእግሩን መቅዘፊያ ታኝክበት ጀመር። የጁምዓ ደንበኞች አጉረመረሙ።

«ነገ በጦር አስወጣትና ሩዝ ላይ አያታለሁ» አለ ጁምዓ፣ ሻዩን እየጠጣ።

በየዓመቱ የምትመጣው ጠላቂዋ ኢሎና ይህን ስትሰማ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ወንዶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ሁሉም ብርጭቆው ውስጥ አቀረቀረ። በመጨረሻ የሻይ በራዱን ይዞ የቆመው ሱወይለም ላይ ደረሰች።

«ሱወይለም፣ እባክህ አንተ አድናት። እናት ናት።»

ሱወይለም በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ተለመነ። በራዱን አስቀመጠ።

«በፊቴ ናት!»

«ማን?» አለ ጁምዓ።

«ዓሣዋ።»

«ኧረ ተው የአጎቴ ልጅ! ዓሣ እኮ ናት!»

«ባለፈው አንተ ያስጠጋኸው የሲጋራ ኮንትሮባንዲስት ከእሷ ይሻላል?»

ማንም አልሳቀም። ቃሉ ወጥቷል፤ ደንቡ ደግሞ ክንፍ ላለው፣ ቅርፊት ላለው ብሎ አይለይም። ጁምዓ ጦሩን መልሶ ሰቀለ።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ሰብሓ ወሬው ከእሱ ቀድሞ ደርሷት ጠበቀችው። «እኔን ከእናትህ ምላስ ያላዳንክ ሰው ዓሣ ልታድን?» አለችውና እስኪያማት ሳቀች።

በማግስቱ ኢሎና የመጥለቂያ መነጽሯን አዋሰችው። ሱወይለም እስከ ጉልበቱ ገባ፣ ጎንበስ ብሎ ፊቱን ውሃ ውስጥ ነከረ፣ የተጠጋችውንም አያት። እንቁላሏ ላይ በአፏ ውሃ እፍ እያለች አንድ ዓይኗን ወደ እሱ አዞረች። ሱወይለም ደስታው ወሰን አጣ። «አወቀችኝ!» እያለ ወጣ። አላወቀችውም።

ጁምዓ እንዲህ ያለችው ዓሣ ግዛቷ ከጎጆዋ ሽቅብ እንደ ጥሩምባ አፍ እየሰፋ እስከ ውሃው ፊት እንደሚደርስ ጠንቅቆ ያውቃል። ስትመጣባችሁ ወደ ጎን ሽሹ፣ ወደ ላይ እንዳትወጡ እያለ በየጧቱ ደንበኞቹን የሚያስተምረው እሱ ነው። «ለሱወይለም ዓሣ ነው መንገድ የምለቀው?» አለና እንግዶቹን አስከትሎ በቀጥታ በላይዋ አለፈ። ብዙም ሳይቆይ ጆሮውን ይዞ፣ ደሙ በጣቶቹ መሐል እየወረደ ብቅ አለ። የሚተነፍስበትን ቱቦ ከአፉ እንዳወጣ ሰዎች ሐኪም እንጥራ ሲሉት እሱ ግን «ዳኛ ጥሩልኝ!» ብሎ ጮኸ።

የበደዊኖቹ ዳኛ ሸይኽ ፍሬይጅ ከዳሱ ጥላ ተቀምጠው ክሱን ሰሙ። ፈገግ እንኳ አላሉም።

«የነከሰችህን ትለያታለህ?»

«በደንብ ነዋ!»

«ሳትነክስህ በፊት የተባባላችሁት ነገር አለ?»

«ሸይኽ ሆይ፣ ውሃ ውስጥ እኮ አይወራም።»

«ደጇ ላይ ነበርክ?»

«ከደጇ በላይ ነበርኩ።»

«እንግዲህ ጣራዋ ላይ ማለት ነው» አሉ ሸይኹ፣ ጢማቸውን እያሻሹ። «የሰው ጣራ ላይ መውጣት ነውር ነው። ጆሮ ግን ጆሮ ነው። ሱወይለም፣ ስማኝ። ፊትህን አንሣ፣ ቃልህን መልሰህ ውሰድና ዓሣዋን ለጁምዓ ተዋት፤ ነገሩ እዚሁ ያልቃል። አላነሣም ካልክ ጥፋቷ ያንተ ነው፤ ገዛላን ለጁምዓ ታስረክባለህ።»

ገዛላ ወጣቷ ግመሉ ናት። የቀረችው አርጅታለች። ከግራም ከቀኝም «አንሣ፣ አትሞኝ፣ አንሣ» እያሉ አንሾካሾኩበት፤ ጁምዓም ቢሆን ከግመሏ ይልቅ ሱወይለም ቃሉን ቢያነሣ ደስ ይለው ነበር። ሱወይለም ገዛላን አያት። አፉ «ላንሣ» ሊል ተከፈተ። ከዚያ ግን ያች የተለመነባት ጊዜ ትዝ አለችው።

«አሁን ባነሣ» አለ፣ «ከእንግዲህ ማን ይጠጋኛል? አላነሣም።»

የግመሏን ገመድ ለጁምዓ አስጨበጠና ከባዶዎቹ የአየር ጠርሙሶች ጀርባ ሄዶ እንደ ልጅ አለቀሰ። ሰብሓ ተከትላው ሄደች፤ ያን ቀን አልሳቀችም።

ዓሣዋ ያንኑ ሰሞን እንቁላሎቿ ተፈልፍለው አለቁላትና ሄደች፤ ለባለ ውለታዋ ዞር ብላ እንኳ አላየችም። ኢሎናም አገሯ ገባች። ሱወይለም በአሮጊቷ ግመል ሁለት ጊዜ እየተመላለሰ አየሩን አመላለሰ። ያየው ሁሉ «ሱወይለም፣ የባለ ስምንት እጁ ኦክቶፐስ ሽምግልና እንዴት ሆነ?» እያለ ያበሽቀው ነበር።

በጋው አልፎ ቀዝቀዝ ሲል ጁምዓ አንዱን የባሕር ዳር ቦታ ለሁለት ጎሣዎች አከራይቶ ተገኘ። ከተታለሉት አንደኞቹ በፒክአፕ ተጭነው መኪና እስከሚደርስበት መንደራቸው መጥተው ፈለጉት። ጁምዓ የራስ መጠምጠሚያውን እንኳ ሳያደርግ በታላላቆቹ ደጅ ለደጅ ሮጠ። «በፊቴ ነው» የሚል አላጣም፤ ባለፒክአፖቹ ግን የእነዚያ ቃል ነገር ሲከብድ እንደሚነሣ ከዚህ ቀደም አይተዋልና ሳቁበት። ስለ ዓሣ ብሎ ግመሉን የሰጠውን ሰው ግን ዳርቻው ሁሉ ያውቀዋል። ጁምዓ የሱወይለም ቤት ምሰሶ ላይ ሲጠመጠም መኪናው ራቅ ብሎ ቆመ፤ ሰዎቹም ወርደው ጠበቁ።

«የአጎቴ ልጅ፣ በፊቴ ነህ በለኝ!»

ሱወይለም አልቸኮለም። የጁምዓን ባለጠባሳ ጆሮ ትክ ብሎ አየው።

«በቅድሚያ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ። «ትነክሳለህ?»

ጁምዓ ወደ መኪናው ዞር ብሎ አየና አቀረቀረ።

«አልነክስም» አለ፣ ሁሉም እየሰሙት።