የማንቀምሰው ድስት

ዓመት እንዴት እንደሚሸኝ እኔን ጠይቁኝ። ኮምቦልቻ ካለ አንድ ፋብሪካ በአስተርጓሚነት ከተቀጠርኩ ስምንት ዓመት ሆኖኛል፤ ከዚያ ግቢ ሳልወጣ የዓለሙን አዲስ ዓመት ሁሉ አክብሬአለሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ታኅሣሥ ሊገባደድ ሲል አንደኛው የውጭ ዜጎች ቡድን የወረቀት ቆብ ደፍቶ ኬክ ይቆርሳል። ጥቅምት ላይ ሌሎቹ በየደጃፋቸው ትንንሽ መብራት ደርድረው ላገኙት ሁሉ ጣፋጭ ያድላሉ። ከጥር ወዲያ ደግሞ በር ላይ ቀይ ወረቀት የሚለጥፉት ተራ ነው። ሁሉም ፈቃድ የሚጠይቀው በእኔ አንደበት ስለሆነ፣ የማን ዓመት መቼ እንደሚያልቅ ከእኔ በላይ የሚያውቅ በፋብሪካው የለም።

ከባለ ቀይ ወረቀቶቹ መካከል አንዲት የማሽን ባለሙያ ወዳጄ ናት። በእነሱ አገር በአዲስ ዓመት ቀን መጥረጊያ አይነሳም፤ የዓመቱ ዕድል ከቆሻሻው ጋር ተጠርጎ ይወጣል ይላሉ። አንድ ዓመት በዓላቸው በሥራ ቀን ዋለና፣ ይቺ ወዳጄ የማሽን ክፍሉ በር ላይ እጇን ዘርግታ ቆማ ጽዳት ሠራተኞቹን አላስገባም አለች። እነሱም ደስ ብሏቸው ግማሽ ቀን አረፉ። ከዚያ ወዲህ ገና ጥር ሳይገባ፣ የእሷ እንቁጣጣሽ መቼ ነው እያሉ እኔን ይጠይቁኛል።

እሷ ደግሞ በነሐሴ መጨረሻ፣ እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ ብላ ጠየቀችኝ። አፌን ሞልቼ ነገርኳት። አደይ አበባውን፣ ችቦውን፣ እየዘፈኑ በየቤቱ የሚዞሩትን ልጃገረዶች ሁሉ ነገርኳት። ከዚያ፣ ዘንድሮ በዓሉ ረቡዕ ስለሚውል እኛ ክርስቲያኖቹ ሥጋ እንደማንበላ፣ በግ ግን እንደምናርድ ነገርኳት። ግራ ገባት። በጉ የሚታረደው ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ነው፤ አራጁም ራሳቸው ጎረቤታችን ናቸው፤ ድስቱን እኛ እንጥደዋለን እንጂ አንቀምሰውም አልኳት። ወዳጄ ቴክኒሻን ናትና ወዲያው ችግሩን አገኘችው፤ ታዲያ ጨዉን እንዴት ታውቂዋለሽ አለችኝ። የጎረቤታችን ምራት መጥታ ትቀምሰዋለች ስላት ከት ብላ ሳቀች።

ለእኛ የሚያስቅ ነገር የለውም። በእኛ አገር ክርስቲያን ሙስሊም ያረደውን አይበላም፣ ሙስሊምም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። ይህ ማለት ግን አብሮ አይበላም ማለት አይደለም። ጎረቤትህን ልታበላ ከፈለግህ በጉን አንተ ትገዛለህ፣ እሱ በአንተ ግቢ በገዛ እጁ ያርዳል። ድስቱም ጭልፋውም ቢላውም ለብቻው ይቀመጣል። ጎረቤታችን ሐጂ ቤትም ለአረፋ እንዲሁ ነው፤ አባቴ በሕይወት ሳለ እየሄደ የእኛን ድርሻ ያርድ ነበር፣ አሁን ወንድሜ ተተክቷል።

ሐጂ የምላቸው ደሴ ሆጤ ሰፈር ከቤታችን አጥር ለአጥር የሚኖሩትን የቀድሞ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ በየበዓሉ እኛ ቤት በልተዋል፤ አንድም ቀን ግን ይሄ የማን ሥጋ ነው ብለው ጠይቀው አያውቁም። እጃቸውን ታጥበው፣ ቢስሚላህ ብለው ይጎርሳሉ፣ አለቀ። እናቴ በዚህ ዓለም በምንም ነገር አትመካም፣ በዚህ ግን ትመካለች።

በዚያ ዓመት እናቴን ጉልበቷን አሟት አልጋ ላይ ዋለች። እኔ አለሁ፣ ምን ታስቢያለሽ አልኳት። ስድሳ የውጭ ዜጋና አራት ቋንቋ የማስተናግድ ሴት ሁለት ድስት ያቅተኛል?

በጳጉሜን የመጨረሻ ቀን ሐጂ መጥተው በጉን አረዱ። ግማሹ ለማግስቱ ድስት ተከትፎ ተቀመጠ፣ የቀረው በጥቁር ፌስታል ታስሮ ፍሪዘር ገባ። ለእኛ ለሐሙስ የሚሆነው መስቀል ከተሳለበት ልኳንዳ የገዛነው የበሬ ሥጋ ነው፤ እሱም በጥቁር ፌስታል ነበር። የእናቴ ሕግ አንድ ነው፦ የሙስሊሞቹ ላይኛው መሳቢያ፣ የእኛ ታችኛው። እኔ ግን ፍሪዘሩ ዝርክርክ ብሎ አገኘሁት። አወጣሁት፣ አጠብኩት፣ በአዲስ ሥርዓት መለስኩት፤ የበጉ ሥጋ ከባድ ስለነበር ወደ ታች አወረድኩት። እናቴ ከአልጋዋ ሆና፣ ቦታውን አላዛነቅሽውም አይደል ስትለኝ፣ እማዬ ሁለት መሳቢያ ነው እንጂ ሁለት መቶ አይደለም አልኳት።

ረቡዕ ረፋዱ ላይ ሁሉም ነገር ሰተት ብሎ ሄደልኝ። የሐጂ ምራት መጥታ ወጡን ቀመሰች፣ ጨዉ ልክ ነው ብላ ልብስ ልትቀይር ወደ ቤቷ ተመለሰች። ያን ጊዜ ሐጂ ላኩብን፤ ወንድማቸው ከነቤተሰቡ ከኩታበር ሳይነግር መጥቷል፣ ቁጥራችን ጨምሯል አሉ። ሥጋ መጨመር አለበት። ሮጥኩ፣ ፍሪዘሩን ከፈትኩ፣ ፌስታሉን ፈትቼ በጥድፊያ ከተፍኩና ድስቱ ውስጥ ገለበጥኩት። ሥርዓቱን የለወጥኩት ራሴ ነኝ፤ እጄ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የለመደው ላይኛውን መሳቢያ ነው።

እንግዶቹ ገብተው ተቀመጡ። የእኛን የጾም ወጥ አስቀድሜ አቀረብኩ። የበጉን ወጥ ከማውጣቴ በፊት፣ የነገው ሥጋ እስከዚያው ይቅለጥ ብዬ የቀረውን ፌስታል ፈታሁት። የበግ ጎድን ነው።

ድስቱ ውስጥ የገለበጥኩት ለካ የእኛን የበሬ ሥጋ ነው። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ የደፋሁት ግን የሚለቀም አልነበረም። ከሳሎን ሐጂ ዱዓ ሲያደርጉ ይሰማኛል፤ ለእናቴ ጉልበት፣ ለዓመቱ ዝናብ፣ ለእኔ ደግሞ ጥሩ ባል። ሁሉም አሚን ይላሉ። በርበሬ ውስጥ የበሬ ሥጋና የበግ ሥጋ መልኩ አንድ ነው። ቀማሿ ቀምሳ ሄዳለች። ዝም ብል የሚያውቅ የለም። ይህን ማሰቤን አልክድም፣ አሰብኩት፤ ከዚያም ራሴን ተጸየፍኩ።

እናቴ እያነከሰች ወጥ ቤት ገባችና ፊቴን አይታ ገባት። ነገርኳት። ግድግዳውን ደገፍ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አረረ በያቸው አለችኝ። ወጡ አረረ፣ እንድፋው። ማንም ሐራም አይበላም፣ እኛም አናፍርም።

መልካም ዘዴ ነበር። ያረረ ወጥ ግን ይሸታል፣ ሐጂ ደግሞ አፍንጫ አላቸው። ዋናው ግን እሱ አይደለም። በየዓመቱ እኚህ ሰው ሲጎርሱ እኔ ያችን ውሸት ላስታውሳት ነው። አልችልም አልኳት። እናቴ ክንዴን ያዘች፤ አርባ ዓመት የሠራሁትን በአንድ ቀን ልታፈርሺው ነው አለችኝ። እጇን ከክንዴ ላይ በቀስታ አንስቼ ወደ ሳሎን ገባሁ።

"ሐጂ፣" አልኩ፣ "ድስቱን አበላሽቼዋለሁ። የእኛን ሥጋ ጨመርኩበት። ተሳስቼ ነው።"

 የኩታበሩ ወንድማቸው የታጠበ እጁን ጭኑ ላይ አሳረፈና ወደ በሩ አየ። የሐጂ ምራት፣ እሷ ስትቀምሰው የእኛ ሥጋ ገብቶበት እንደነበር ጠየቀችኝ፤ አልነበረም አልኳት። ሐጂ አልሐምዱሊላህ አሉ። ሽሮውንም ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት።

"አብሽሪ ልጄ። ረቡዕ አይደል፣ እኛም እንጹማ።"

ያን ቀን ሁላችንም ሽሮና ምስር በላን። የኩታበሩ ሰውዬ መጀመሪያ በጣቱ ጫፍ ነበር የሚነካካው፤ ወንድሙ ደጋግመው ሲጎርሱ አይቶ ተከተለ። ድስቱን ክርስቲያንም ሙስሊምም ሊበላው ስለማይችል፣ የሆጤ ውሾች እንቁጣጣሽን እንደዚያ ዓመት አክብረው አያውቁም።

ሐጂ ሊሄዱ ሲነሱ እናቴ እስከ በሩ ተከተለቻቸው። ስትበላም ስታስተናግድም አንገቷን እንደደፋች ነበር።

"ሐጂ፣" አለች፣ "ከእንግዲህ ምራትዎ ከቤታችሁ ሠርታ ታምጣ። እኛን ማመን ይቅርብዎ።"

ሐጂ ሲቆጡ አይቼ አላውቅም። ያን ጊዜ ግን ዞረው እናቴን ትክ ብለው አዩዋት።

"ምን ማለትሽ ነው? እኔ አርባ ዓመት ሳልጠይቅ የበላሁት እዚህ ቤት ስህተት የለም ብዬ መሰለሽ? ወላሂ አይደለም። ስህተት ቢኖር ይነግሩኛል ብዬ ነው። ይኸው ነገረችኝ።"

እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችው። እኔ የአራት ቋንቋ አስተርጓሚዋ በሩን ከፈትኩላቸው።