ያልሸተተ ጭቃ

ጭቃ ካልሸተተ ግድግዳ አይሆንም። ይህን ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም፤ እኔ በጎንደርና በዙሪያዋ ቤት እየመረግሁ ስኖር ሀ እና ለን አልለይም ነበር። አፈሩን ከጭድ ጋር በውሃ ትረግጠዋለህ፣ ትተወዋለህ፣ ደግመህ ትረግጠዋለህ። አፍንጫ እስኪያስይዝ ሦስት ሳምንት ይተኛል።

ልጅቱ ግን የቀራት ዐሥር ቀን ነበር። ከውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ፣ ቤት ለሌላቸው ቤት ወደሚሠራ ድርጅት ለልምምድ የተላከች ተማሪ ናት። አዘዞ ላይ ለድሃ የሚሆን ርካሽ ቤት ሠርታ፣ ፎቶውን ይዛ መመለስ አለባት። ክፉ አልነበረችም። እግሯ እስኪሰነጣጠቅ አብራኝ ጭቃ ረግጣለች። ጭቃው በተቦካ በአምስተኛው ቀን «ነገ እንመርግ» አለች። አስተርጓሚዋ ከራሱ ጨመረበት፦ «ሥራው ካማረ ድርጅቱ ቋሚ ያደርግሃል።»

አልደረሰም ማለት ነበረብኝ። «ይሁን» አልሁ።

ቤቱ የሚሠራላት ከአምባ ጊዮርጊስ ወርዳ በሰው በረንዳ የምታድር፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ከጭቃው በእፍኟ ዘግና አሸተተችው።

«ምነው አያ፣ ይኼ ጭቃ አይሸትም?»

«የፈረንጅ ጭቃ ነው፤ ሽቶ ተቀብቷል።»

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ቤት ከሚሰጠው ሰው ጋር ማን ይከራከራል?

ፎቶው ተነሣ፤ ልጅቱም ሄደች። ሐምሌ ገባና ዝናቡ ጠናበት። አንድ ቀን፣ ሴትዮዋ ምስር ስትለቅም፣ እርጥቡ ምርግ ከነማገሩ ላይዋ ላይ ተዘረገፈ። ዳሌዋ ተሰበረ። ወደ በረንዳው በሰው ሸክም ተመለሰች።

ድርጅቱ የአስተርጓሚውን ቃል ጠበቀ። ቋሚ ሠራተኛ ለመሆን ማንበብ ግድ ነው ሲሉኝ፣ ሽበቴን ይዤ ከጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። ማንም ሳይረዳኝ መጀመሪያ ያነበብሁት ቢሮው ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው ፎቶ ሥር ያለውን ጽሑፍ ነው። ፎቶው ላይ ቤቱ ቆሟል፤ እኔም እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆኜ አጠገቡ ቆሜያለሁ። ጽሑፉ ልጅቱ በዚህ ቤት ሥራዋን እንደ ጀመረች፣ ዛሬም በአገሯ የርካሽ ቤቶች ግንባታ ኃላፊ እንደ ሆነች ይናገራል። ስለ መፍረሱ የሚለው የለም። እሷ ኃላፊ፣ እኔ የቤት ፈላጊዎች መዝጋቢ። ያ ግድግዳ ለሁለታችን ሸጋ እንጀራ ሆነልን።

ዘንድሮ ሴትዮዋ በምርኩዝ እያነከሰች ከመስኮቴ ደረሰች።

«ቤት ፈልጌ ነው አያ። እስቲ እይልኝ።»

መዝገቡን ገለጥሁ። በስሟ ትይዩ «ቤት የተሰጣት» ይላል። ጽሕፈቱ የእኔ ነው። አሮጌውን መዝገብ ወደ አዲሱ ስገለብጥ «የፈረሰባት» ብዬ መጻፍ እችል ነበር። ግን ፈርሷል ከተባለ፣ ማን መረገው ይባላል።

«ምን ይላል?»

«ቤት አለሽ ይላል።»

መዝገቡን አየችው፤ ፊደል አታውቅም። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«የት ነው እሱ፣ አያ?»

«ቀጣይ!» አልሁ።