የኮድቡር አንድና አንድ

ኢርፋን የድሬዳዋ ልጅ ነው። ሀርጌሳ የገባው ከተማዋ ከፍርስራሿ ገና ብድግ ስትል ነው፤ ያኔ ጣሪያ ካለው ቤት ይልቅ መጠይቅ ያለው ቢሮ ይበዛ ነበር። ፍየሎች እንኳ ሦስት ሦስት ጊዜ ተቆጥረዋል። እሱም ሶማሊኛ ስለሚችልና ደህና ጫማ ስለነበረው ቆጣሪ ሆኖ ተቀጠረ።

አንድ ሰሞን የውጭ ሰዎች ያቋቋሙት ቢሮ አዲስ ጥያቄ አመጣ፦ በከተማው ከእስልምና ውጭ የሆኑት ይበዛሉ ወይስ የገዛ ፆታቸውን የሚወዱት? ኢርፋን ቤት ለቤት ዞሮ፣ ሁለቴም በድንጋይ ተሸኝቶ፣ ለሁለቱም ዓምድ ዜሮ ጽፎ ተመለሰ። የቢሮው ኃላፊ ዲሪር ቅጹን ወረወረለት። ዜሮ ከዜሮ ጋር ምኑ ይወዳደራል፤ ነገ ሌላ ቆጣሪ እቀጥራለሁ አለው።

ለመጀመሪያው ዓምድ ኢርፋን አንድ ሰው ያውቅ ነበር። ኮድቡር በሚባለው ሰፈር፣ እሱ በተከራየበት ግቢ፣ ልብስ እያጠበች የምትኖረው ውድነሽ ለሰፈሩ ፈትሂያ ናት። ረመዳንን ከኢማሙ አብልጣ ትጾማለች፤ በሯን ስትዘጋ ግን ትራሷ ውስጥ የሰፋችውን ማተብ አውጥታ ትስማለች። ስም አይጻፍም ብሎ ሲምልላት እሺ አለችው፤ ብቻዋን መቆጠሯ ግን ፊቷን አጠቆረው። አንጀቱ አልችል አለና በሁለተኛው ዓምድም አንድ ጻፈ። ማን እንደሆነ አልጠየቀችውም። ትከሻውን በእርጥብ እጇ ዳበስ አድርጋው ወደ እጥበቷ ተመለሰች።

ዲሪር ለግልጽነት ሲባል ውጤቱን በየሰፈሩ ዘርዝሮ የቢሮው በር ላይ ለጠፈው። አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ዜሮ፣ ዜሮ። ኮድቡር አንድ፣ አንድ።

ከተማው ከጦርነቱ ወዲህ እንዲህ ተዝናንቶ አያውቅም። ዋሄን ገበያ መንዛሪዎቹ የሽልንግ ክምራቸውን ለነፋስ ትተው ይገምቱ ጀመር። ሺህ ቢባል ኖሮ ማንም ዞር ብሎ አያይም ነበር፤ አንድ ሰው ግን የሚኖርበት ግቢ አለው።

በሦስተኛው ቀን፣ ዓርብ ጠዋት፣ አከራያቸው ራሕሞ አንድ ነገር ትዝ አላት፦ ፈትሂያ ረቡዕና ዓርብ ሻይዋን ያለ ወተት ነው የምትጠጣው። ሀርጌሳ ተቀምጦ ወተት እምቢ የሚል ወይ የታመመ ነው ወይ የሐበሻ ጾም የያዘ። ትራሱ ተቀደደ፣ ማተቡ ወጣ። ወዲያው ዕቃዋ ወደ ድንበር በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ተጫነ፤ እሷም ዕቃዋ ላይ።

ሕዝቡ ግን ገና አልጠገበም።

"ቆጣሪው አንተ ነህ፤" አለችው ራሕሞ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። "ሁለተኛው የታለ?"

ኢርፋን ወደ ጭነት መኪናው ጠቆመ።

"ሁለቱም እሷ ናት፣ አክስቴ ራሕሞ።"

አንዲት አጣቢ ሁለት ዓምድ መሙላቷ ሰፈሩን አስፈነደቀው። ለሁለተኛው ዓምድ ለብቻው ድንጋይ ተለቀመ፤ አንዱ ግንባሯን አገኘው።

ውድነሽ ደሟን በጉፍታዋ ጠርጋ ኢርፋንን አየችው። በሶማሊኛ አንዲት ቃል ብትተነፍስ ድንጋዩ ሁሉ ወደ እሱ ይዞር ነበር። እሷ ግን በአማርኛ፣ ድምጿን ሳታነሳ፣ "አይ ኢርፋንዬ፤ እንግዲህ ብቻህን ቀረህ" አለችው።

ምን እያለች ነው ብለው ጠየቁት።

"ይቅርታ እየጠየቀች ነው፤" ብሎ ተረጎመላቸው።

ከሰዓት በኋላ ዲሪር እስክሪብቶ አቀበለው። ኢርፋን የኮድቡርን ሁለት አንዶች ሰርዞ ዜሮ፣ ዜሮ ጻፈ። ዲሪር በዚህኛው ቅጽ ቅር አልተሰኘም፤ ሰፈር ላጸዳ ቆጣሪ በቢሮው ስም ሻይ አዘዘለት፣ በወተት። ኢርፋን እስከ አተላው ጭልጥ አደረገው። ሰው እያየው ነበራ።