በደላላው መዳፍ ውስጥ ያደገው እብጠት

በቡርዖ ከተማ የግመል ገበያ ዋጋ በአፍ አይጠራም። ሻጭና ገዢ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፤ በላዩ ሽርጥ ጣል ይደረግና ከሥሩ ጣት ጣትን እየጨበጠ ዋጋውን ይነግራል። ደላላው ሮብሌ በዚህ ሥራ ሸብቷል። አንድ ጠዋት ግን ገዢ ሆኖ የመጣው የጓደኛው የኤልሚ ጣቶች ያሉትን በቅጡ ሳይለይ «ተስማማሁ» ብሎ ሊሸጥ የያዛትን ግመል በርካሽ ለቀቃት።

«እጅህ ተኝቷል እንዴ?» አለ ኤልሚ እየሳቀ። «ነገ ደግሞ ራስህን ትሸጥልኛለህ!»

ሮብሌ አልሳቀም። አውራ ጣቱ ሥር ያለው ለስላሳ እብጠት ዓመት አልፎታል፤ ስለማያመው ንቆት ነበር። አሁን ግን ጠቋሚና መሃል ጣቶቹ የሌላ ሰው ጣት መስለውታል። አክስቱ የሞተችው ጭኗ ላይ በወጣ እንዲሁ በማያም እብጠት ነው። ይህን ለማንም አልተነፈሰም። ሚስቱ ደቃ ግን የሻይ ብርጭቆ ከእጁ ሲያመልጠው አይታ ሐርጌሳ ይዛው ሄደች።

ሐኪሟ ሰጋል እብጠቱን ጫን ጫን እያደረገች ዳሰሰችው፤ ፊቱን አዙሮ ሳለም ጣቶቹን በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አደረገች። ከዚያ የመዳፉን ውስጥ በማሽን ፎቶ አስነሳችው።

«አጎቴ፣ ስብ ይመስላል። ነርቩን ተጭኖታል።»

«ክፉው ዓይነት ነው?»

«አይመስለኝም። ቁርጡ የሚታወቀው ግን ወጥቶ ሲመረመር ነው።»

«ብንተወውስ?»

«ጣቶችዎ ጨርሰው ይደነዝዛሉ።»

«ቢላሽ ነርቩን ቢነካውስ?»

«አይነካም ብዬ አልምልልዎትም።»

በቀዶ ጥገናው ቀን ክንዱ በመርፌ ደንዝዞ ግንድ ሆነ፤ እሱ ግን ነቅቷል። ሰጋል ከረዳቷ ጋር ስታወራ ይረጋጋል፤ ዝም ስትል ላብ ያጠምቀዋል። አንዴ ዝምታው ረዘመ።

«ልጄ፣ ተቆረጠ እንዴ?»

«አሁን አያናግሩኝ፣ አጎቴ።»

ጸሎት ሊያደርስ ቢሞክር ቃሉ ጠፋበት። በኋላ በሳህን ያመጣችለት ቢጫ ነገር የበግ ላት ቁራጭ ይመስላል። ነርቩ ሳይበጠስ ተላቅቋል።

ጭንቀቱ ግን አብሮ አልወጣም። እብጠቱ ለምርመራ ተላከ፤ ሮብሌም ቡርዖ ተመልሶ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቡ ይርድ ጀመር። ከሐርጌሳ ሲደወል ማንሳት ፈርቶ ለደቃ ሰጣት። ስታዳምጥ ፊቷ አልተፈታም። እሱ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ።

«ምን አሉ?»

«ተራ ስብ ነው። አንተ ሰው፣ ተራ ስብ!» ብላ ማልቀስ ጀመረች።

ግድግዳውን ይዞ ተነሳ።

ጠቋሚ ጣቱ ውሎ አድሮ ነቃ። የመሃል ጣቱ ጫፍ ግን እስከ ዛሬ እንደደነዘዘ ነው። ሰጋል «ነርቭ ቀስ ብሎ ነው የሚድነው» ብላዋለች፤ እሱም እየጠበቀ ነው።