በረንዳችን ላይ የበቀለው እምቧይ

ከጎንደር የተነሳን ማታ እማዬ የተከራየነውን ቤት ስትጠርግ አመሸች። አባዬ አውቶቡሱ እንዳያመልጠን እየተቁነጠነጠ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ለማን ነው የምትጠርጊው?» ቢላት፣ «አቆሽሸው ሄዱ እንዳንባል!» አለችው። እኔ ደግሞ መንገዱን ሙሉ የማለቅስ መስሎኝ ነበር። አውቶቡሱ አዘዞ ሳይደርስ እንቅልፍ ወሰደኝ!

አሁን ያለነው እስራኤል አገር፣ አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ዳሌት የሚሉት ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከባሕሩ የሚመጣው አየር ክዳኑን እንደከፈቱት ድስት ፊት ላይ ቡን ይላል፤ የጎንደር የጠዋት ብርድ ይናፍቀኛል ብዬ መቼ አስቤ! ግን በረንዳ አለን፣ በረንዳው ደግሞ የኔ የቲማቲም እርሻ ነው።

እኛ አገር ቲማቲም ቲማቲም ነው፤ ወጥ ውስጥ ይገባል፣ አለቀ። እዚህ ዓይነቱ ብዛቱ! ትልቁ ክብ አለ፣ ሞላላው አለ፣ ሼሪ የሚሉት እንደ ወይን ዘለላ የሚንጠለጠለው አለ። ችግኝ ከገበያ አምጥቼ በባዶ የቀለም ባልዲ ተከልኩ። ትልቁ ክብ ቅምጥል ነው፤ በመጥረጊያ እንጨት ካልደገፉት ይወድቃል፣ በግንዱና በቅጠሉ መካከል የሚወጣውን ቀንበጥ ካልቀነጠሱለት ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሼሪው ግን እንደኛ ነው፣ የትም ይለምዳል። ውኃ ጠዋት ጠዋት ሥሩ ላይ ነው፣ ቅጠሉን ሳያርሱ። ንብ እኛ ጋ ድረስ ስለማትወጣ ፍሬ እንዲይዝ አበባውን በጣቴ መታ መታ አደርገዋለሁ።

አንዱ ሼሪ ሲያፈራ ታዲያ ፍሬው ድቡልቡል ቢጫ ሆነ። እማዬ ስታየው ክው አለች። «እምቧይ! ልጅ ሊጨርስ!» አልፈርድባትም፤ አገራችን አጥር ሥር የሚበቅለውን መርዛም እምቧይ ቁርጥ ነው።

«እማ፣ ቲማቲም ነው።»

«እኔን ነው እምቧይ የምታስተምሪኝ?»

ልትነቅለው ስትል በሩ ተንኳኳ። አከራያችን አዶን ሺሞን ናቸው። «አዶን» እንደ እኛ «አቶ» ነው። ከሞሮኮ የመጡ ሽማግሌ ሲሆኑ ከሥራችን ይኖራሉ። ከባልዲዬ የፈሰሰው ውኃ ያጨቀየውን ነጭ ሸሚዛቸውን ይዘው ቆመዋል።

«ያከራየኋችሁ ቤት ነው እርሻ? እስከ ቅዳሜ ሻባት ይሄ ሁሉ ይውጣልኝ! ላሟንስ መቼ ነው የምታመጧት?» አሉኝ በዕብራይስጥ።

«አሳንሰር የለም ብላ ቀረች» አልኩ፣ ሳላስበው።

ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ወደ በረንዳው አለፉ። ባልዲዎቹን እየተቆጡ ቆጥረው ቆጥረው፣ አንዷን ቢጫ ቀጠፉና ወደ አፋቸው ወረወሯት።

«ውይ! ሰውዬው አለቁ!» እማዬ ሮጣ በብርጭቆ ወተት አመጣች። አገራችን መርዝ የቀመሰ ሰው ወተት ይጠጣል። «ይጠጡ አባቴ! ይጠጡ!»

«ምንድን ነው የምትለው?» አሉኝ አዶን ሺሞን።

«መርዝ በልተዋል፣ ወተት ይጠጡ ነው የምትለው።»

«አሁን ስጋ በልቼ? ወተት?»

ስጋና ወተት በአይሁድ ሃይማኖታችን አይገናኙም። ያሉትን ለእማዬ ነገርኳት። የወተቱን ማንኪያ ከስጋው ማንኪያ ጋር እንኳ የማታስነካ እናቴ፣ «ነፍስ ይቀድማል በያቸው! ኃጢአቱ በእኔ ይሁን!» አለች።

ይሄን ስተረጉምላቸው አዶን ሺሞን ግድግዳ ተደግፈው ሳቁ። ሁለተኛ ቀጠፉ። ሦስተኛ። እማዬ ብርጭቆዋን እንደያዘች መውደቃቸውን ትጠብቃለች። እሳቸው እቴ! በመጨረሻ ራሷ አንዷን በፊት ጥርሷ ነከስ አደረገች።

«ስኳር!» አለች፣ አፏን በእጇ ይዛ።

«ከየባልዲው ሥር ሳህን አድርጉ» አሉ አዶን ሺሞን ሲወጡ። «ዓርብ ዓርብ ደግሞ ከቢጫዋ ለኔ።» እርሻዬ ተረፈ! ደረጃውን ወርደው ሳይጨርሱ እየዘለልኩ ነበር።

በማግስቱ ጎንደር ደወልን። የእማዬ ታናሽ፣ አክስቴ ትርንጎ፣ የመምጫ ፈቃድ እየጠበቀች እዚያው ናት። ታሪኩን ስትሰማ በሳቅ ትን አላት። ከዚያ እኔን አስጠራችኝ።

«እንዲህ ይጣፍጣል?»

«ስትመጪ ትቀምሺዋለሽ፣ እትዬ።»

«እስከ መቼ ነው የሚያፈራው?»

ብርዱ ሲገባ እንደሚደርቅ አውቃለሁ። «ገና ብዙ አለው» አልኳት።

«እንግዲያው አንድ ዘለላ አትንኩብኝ።»

«እሺ» አልኩ። እማዬ ቀና ብላ አየችኝ።