ግድግዳ ላይ የቀረው ኪስ

እህቴ ብርቱካን ለሥራዋ የፉርኖ ዱቄት ሙጫ ባማሰለች ቁጥር ያ ሞቅ ያለ፣ ትንሽ ኮምጠጥ የሚል ሽታ ይመጣና ኮልፌ አጠና ተራ አጠገብ ወደነበረው ጭቃ ቤታችን ይዞኝ ይሄዳል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ጳጉሜ ላይ፣ እማዬ ሙጫውን በአሮጌ ድስት አፍልታ፣ ጣሪያው እያፈሰሰበት የወየበውን ግድግዳ ከባለሱቁ ባመጣነው ጋዜጣ እንደ አዲስ ታለብሰው ነበር፤ የአምናውን ሳንልጥ በላዩ ላይ ነበር የምንለጥፈው።

ብርቱካን ግን ባዶ ጋዜጣ ማየት አትወድም ነበር። መስቀል አልፎ በጋው ሲገባ ካረጀ ቀሚስ ላይ ጥለት ቀድዳ መንገድ ትሠራበት፣ ቆርኪ ደርድራ ለታክሲ ጎማ ታደርገው፣ መሶብ ከሚሰፉት ጎረቤታችን ከእትዬ ዘውዴ የለመነችውን ባለቀለም አለላ ደግሞ ለተሳፋሪዎቹ ሴቶች ሹሩባ ታደርገው ነበር። አባዬ አናጢ ነበርና ማታ ሰጋቱራውን እያራገፈ ይገባና፣ ከኮቱ ኪስ እርሳሱን አውጥቶ የታክሲውን ረዳት ይስልላት ነበር። ረዳቱ ሁልጊዜ ራሱን አባዬን ነበር የሚመስለው፣ ጢሙ ሳይቀር።

አንድ የፋሲካ ሰሞን አባዬ ታሞ ሞተ። ከአርባው በኋላ እማዬ ልብሱን ለነዳያን ሰጠች፤ ብርቱካን ግን ቀድማ ኪሱን ቆርጣ ወስዳ ስለነበር ኮቱ ያለ ኪስ ሄደ። ኪሱን ከመስኮቱ በስተግራ፣ አፉን ክፍት ትታ ለጠፈችው፣ ዙሪያውንም ከእማዬ ቀሚስ በወሰደችው ጥለት ከበበችው። ክረምቱን ሙሉ እማዬ ለዚያ ግድግዳ ጀርባዋን ሰጥታ ነበር የምትቀመጠው። ጳጉሜ ሲደርስ ብርቱካን እንዳይነካባት ለምናም አልቅሳም አልሆነላትም።

«ዓይኔ እያየው መኖር አልችልም፣ ልጄ» አለችና እማዬ ጋዜጣውን ለጠፈችበት።

ከዚያ ወዲያ ብርቱካን ግድግዳው ላይ አንዲት ቆርኪ እንኳ አልለጠፈችም። እማዬ ስትጠራት አቤት ትላለች፣ ስትልካት ትላካለች፣ ጨዋታ ግን አልነበራቸውም፤ እኔም መሃላቸው ሆኜ ያቺ ጠባብ ቤት ይብስ ትጠበኝ ነበር።

ዓመታት አለፉና ሰፈሩ ሊፈርስ ሆነ። ዕቃችንን ጭነን ወደ ዓለም ባንክ ሰፈር ኮንዶሚኒየም ልንሄድ ስንል እማዬ ሹፌሩን ጠብቀኝ ብላ ወደ ባዶው ቤት ተመለሰች። ተከትለናት ስንገባ ግድግዳውን በእርጥብ ጨርቅ እያራሰች፣ የዓመታቱን ጋዜጣ በጥፍሯ እየላጠች አገኘናት፤ ሌላ ቦታ ሳትሞክር፣ በቀጥታ ከመስኮቱ በስተግራ። ጥለቱ ፀሐይ ስላላገኘው ቀለሙ እንዳለ ነበር።

«ቦታውን አልረሳሽውም እንዴ፣ እማዬ?» አለቻት ብርቱካን።

«እንዴት ብዬ? እናንተ ትምህርት ቤት ስትሄዱ ከላዩ እዳብሰው ነበር እኮ።»

ዛሬ ብርቱካን ሥዕሎቿን ሰው እየመጣ የሚያይላት ሠዓሊ ናት፤ ጥለቱም፣ ቆርኪውም፣ አለላውም አብረዋት አሉ። የኮንዶሚኒየማችን ግድግዳ ግን ነጭ ቀለም ነው፣ ጳጉሜ መጣ ብሎ ጋዜጣ የሚለምን የለም፣ እኔም ያንን ቤት ከነሚያፈሰው ጣሪያው እናፍቀዋለሁ። ኪሱ ሸራ ላይ ሆኖ ሳሎን ተሰቅሏል። ብርቱካን መስታወት ላስገባለት ብትል እማዬ በጄ አላለችም። ያኔ ጀርባዋን ትሰጠው የነበረችው እናቴ አሁን ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች፤ በአጠገቡ ስታልፍ ደግሞ እጇን ኪሱ ውስጥ ከታ ትንሽ ትቆማለች።