ከዙቤዳ በር ላይ የነበረው ጉድጓድ

የዚያ ዓመት ክረምት ደብረ ብርሃንን አልለቅም ብሎ ነበር። ጉሙ ከጧት እስከ ማታ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል፤ ብርድ ልብስ ደራርበው ቢተኙ እንኳ ብርዱ ከአጥንት አይወጣም። የሰፈሩ ኮብልስቶን በጎርፍ ተሸርሽሮ፣ ድንጋዩ አንድ በአንድ የተነቀለው ያኔ ነው። ከዙቤዳ በር ፊት ለፊት መጀመሪያ የሰሃን ያህል ጎደጎደ፤ ነሐሴ ሲያልቅ በግ የሚያስተኛ ጉድጓድ ሆነ።

ዙቤዳ ግን ያን ክረምት ስታስበው ሙቀት ነው የሚሰማት። ባሏ ዓብዱራህማን ባጃጅ ይነዳ ነበር። ሲመሽ የባጃጁ የፊት ጎማ ጉድጓዱ ውስጥ ዷ ብሎ ይገባል፤ የላላው የኋላ ቆርቆሮ ተከትሎ ይንኳኳል። እሷ ከቤት ሆና «መጣ» ትልና ወጡን ታሞቃለች። እሱም ወገቡን ይዞ፣ እየሳቀም እያማረረም ይገባል።

«ማዘጋጃ ቤቱ የበር ደወል አስገጠመልን» ይላታል። «የሚደወለው ግን ወገቤ ላይ ነው!»

በሁለተኛው ዓመት ሳንባውን ታሞ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ባጃጁም ተሸጠ፤ ገዢው ወደ ደብረ ሲና ይዞት ሄደ።

ለቅሶው አብቅቶ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ከገባ በኋላ፣ አንድ ቀን ዙቤዳ መግሪብ ሰግዳ ስጋጃዋን ስታጥፍ ሰማችው። ዷ! ከዚያ ቆርቆሮው። ሮጣ ወጣች። መንገዱ ላይ ማንም የለም። ጉድጓዱ ውስጥ የተኛው ውሃ ብቻ፣ አሁን የሆነ ነገር እንዳለፈበት ይንቀጠቀጣል።

ከዚያ ወዲህ ጉም በወረደ ማታ ሁሉ ትሰማው ጀመር። አልፈራችም። እንዲያውም ቁጭ ብላ ትጠብቀው ነበር።

በዚህ መሃል የሰፈሩ ሰው ለመንገድ ጥገና ስብሰባ ተጠራ። ከማዘጋጃ ቤት የመጣው ወልደተንሣኤ የሚባል ሰው ነው። የዙቤዳ የግድግዳ ጎረቤት ሥርጉት ገና አፉን ሳይከፍት ተነሣችበት።

«የጣሪያና ግድግዳ ግብር ከፍለናል። ባለሱቁም የንግዱን ከፍሏል። ደግሞ የምን መዋጮ ነው?»

«እትዬ ሥርጉት፣ ያ ግብር የመንገድ መብራቱንም፣ ቆሻሻውንም፣ የጎርፍ መውረጃ ዲቹንም የሚችል እሱው ነው። ለመንገድ የሚተርፈው ለሁሉም ሰፈር አይዳረስም። ስለዚህ ከወጪው ሦስቱን እጅ ከተማው ከግብሩ ያወጣል፤ አንዱን እጅ ሰፈሩ ይጨምራል። ግብሩንም መዋጮውንም ቀድሞ ያሟላ ሰፈር ቀድሞ ይጠገናል።»

«ያላሟላስ?»

«ወረፋው መጨረሻ ላይ ይቆማል።»

«እንግዲያ የልጅ ልጆቻችን ያዩታላ!» አለች፤ ሰዉ ሳቀ።

ቢስቅም ከፈለ። የቀረው አንድ ቤት፣ የዙቤዳ ነበር። የኮሚቴው ሊቀመንበር ጋሽ ፍሥሐ ደጇን ቢመላለስም መልሷ ዛሬ ነገ ሆነ። ሰፈሩ አጥታ ነው ብሎ አዘነላት። ሥርጉትም ከጥቂት ጎረቤት አሰባስባ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መጣች።

«ማንም አይሰማም፤ እኛ እንሙላልሽ።»

ዙቤዳ እጇን ሰበሰበች። «ገንዘቡስ አለኝ።»

«አለሽ? አንቺ ሴት! የልጄ ወር እየገፋ ነው። ባለባጃጅ ሁሉ አስፋልቱ ላይ ጥሎን ይመለሳል። ምጥ ሲይዛት በጀርባዬ ልዘላት?»

ይሄን ጊዜ ዙቤዳ ሁሉንም ነገረቻት። ድምፁን፣ ውሃውን፣ መንገዱ ከተጠገነ እሱም መምጣቱን እንደሚተው። ሥርጉት አልሳቀችም። ዱካ ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። መሸ፤ ጉሙም ወረደ።

ዷ!

ሥርጉት የዙቤዳን ክንድ ጭምድድ አድርጋ ያዘች፤ በስመ አብ ስትል ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ቆርቆሮው ተንኳክቶ ዝም እስኪል አልለቀቀቻትም።

«ዙቤዳ» አለች በመጨረሻ፣ «ይሄን ጉድጓድ በቁሙ ስንቴ ረግሞታል! ሞቶም በየማታው እዚያው ውስጥ ትጥይዋለሽ?»

 ዙቤዳ በማግስቱ ሄዳ ከፈለች።

መስቀል እንዳለፈ ሠራተኞች መጡ። ጉድጓዱን በገረጋንቲ ሞሉት፤ ደመደሙት፤ አሸዋ ነስንሰው ድንጋዩን አስተካክለው ደረደሩት። የሥርጉት ልጅ ምጥ ሲይዛት ባጃጅ ደጃፏ ድረስ ገብቶ ወሰዳት፤ ሴት ልጅ ወለደች። እልል ካሉት አንዷ ዙቤዳ ነበረች።

ማታው ግን ዝም አለባት። ጉም ይወርዳል፤ እሷ ሰግዳ ትጠብቃለች፤ ምንም የለም። ባጃጆቹ ድንጋዩ ላይ ሽው ብለው ያልፋሉ። ባለፉ ቁጥር ብድግ ብላ ትወጣለች።

«ድሮ ሲመጣ አውቀው ነበር» አለቻት ሥርጉትን። «አሁን ደጄ መጥቶ ቢመለስስ በምን አውቃለሁ?»

በሩን መቀርቀር ተወች። ሥርጉት ማታ ማታ እየመጣች ታስቀረቅራታለች፤ ጧት ስታይ ተከፍቶ ታገኘዋለች። የሚከፍተው ዙቤዳ ትሁን ሌላ፣ ሥርጉት ጠይቃ አታውቅም።

ጥር ሳይገባ ዙቤዳ ቤቱን ኢንዱስትሪ ፓርክ ለሚሠሩ ባልና ሚስት አከራየች፤ ዕቃዋንም ጠቅልላ ጉም ወደማይወርድበት ቆላ ወረደች። አሁን አሊዩ አምባ፣ እህቷ ፈሂማ ቤት ነው ያለችው። ባለፈው የገበያ ቀን እዚያው በርበሬ ስትሸጥ ታይታለች።